ሦስት ወረዳ በአንድ ግራፍ

ድሮ ግራፍ መሥራት ደስ ይለኝ ነበር። ዛሬ አንድ ሰው መጥቶ «እነዚህን ሦስቱን አንድ ላይ አድርገሽ አሳዪኝ» ሲለኝ ገና ኮምፒውተሩን ሳልከፍት ይደክመኛል። ሥራው ከብዶኝ አይደለም። ሶፍትዌሩ ውስጥ ሦስት አራት ቦታ መንካት ነው፤ ከታች ወሩ፣ በጎን ቁጥሩ፣ ለእያንዳንዱ ወረዳ አንድ መስመር፣ ለእያንዳንዱ መስመር አንድ ቀለም። «እሺ» የሚለውን ስጫን ይወጣል። የሚያደክመኝ ከወጣ በኋላ ያለው ነው።

ሶዶ ውስጥ በአንድ የዞን መሥሪያ ቤት የዳታ ባለሙያ ነበርኩ። ጊዜው ከሚሊኒየሙ በኋላ ያሉት ዓመታት ናቸው፤ ባጃጅ ከተማውን መውረር የጀመረበት፣ የየቢሮው ግድግዳ በዕቅድ ሰንጠረዥ የተሸፈነበት፣ ሰው ሁሉ በየስብሰባው «ለውጥ» የሚልበት ጊዜ። ቢሯችን ውስጥ በደንብ የሚሠራ አንድ ኮምፒውተር ነበር። እሱ የእኔ ነበር፤ የእኔ ስለሆነም የሁሉም ነበር። ጠዋት ስገባ አንዱ ደብዳቤ ሲጽፍበት፣ ሌላው የዘመዱን የሠርግ ጥሪ ሲያሳምርበት አገኛለሁ። መብራት ሲጠፋ ዩፒኤሱ ጥቂት ይጮህና ጸጥ ይላል፤ እኔም ያላስቀመጥኩትን ሥራ እያሰብኩ አብሬው ጸጥ እላለሁ።

ዋናው ሥራዬ ከየወረዳው በየወሩ የሚመጣ አንድ ቁጥር መሰብሰብ ነበር፤ በምግብ እጥረት ተጎድተው ለሕክምና የገቡ ሕፃናት ስንት ናቸው የሚል። ቁጥሩ በፍላሽም ይመጣል፣ በሚኒባስ ረዳት እጅም ይመጣል፣ ሲቸግር በስልክም ይነበብልኛል። ወረዳዎቹን በከተሞቻቸው ስም ነበር የምንጠራቸው፤ በዴሳ፣ ቦዲቲ፣ ሻንቶ እያልን።

ሶፍትዌሩ አማርኛ አያውቅም። «ግንቦት» ብዬ ስጽፍለት ባዶ ሳጥኖች ደርድሮ ይመልስልኛል። ወሮቹን በላቲን ፊደል እንጻፍ ብንል ደግሞ አንዱ በአንድ ዲ፣ ሌላው በሁለት ዲ እየጻፈ አንዱን ኅዳር አራት ወር አደረጉት። በመጨረሻ ወር በቁጥር ይጻፍ ተባለ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ሁላችንም እፎይ አልን። ቁጥሩ ከየትኛው ወር እንደሚነሳ ግን የጠየቀም የተናገረም የለም። ማን ይጠይቃል? ዓመት የት እንደሚጀምር የማያውቅ ሰው አለ እንዴ?

ትልቋ እህቴ በዴሳ አጠገብ ባለች ቀበሌ ነው የምትኖረው። ባሏ ሞቷል፤ ልጆቿን ብቻዋን ነው የምታሳድገው፤ የመጨረሻዋ ያኔ ገና ጡት መጣሏ ነበር። መሬቷ ጠባብ ናት። በቆሎና ስኳር ድንች ትዘራለች፣ ጓሮዋ ጥቂት እንሰት አለ። በእኛ አገር ረሃብ የሚመጣው መሬት ደርቆ ሲሰነጠቅ አይደለም። ዝናቡ እየዘነበ፣ በቆሎው ጉልበት ደርሶ፣ ዓይን ያረፈበት ሁሉ አረንጓዴ ሆኖ ነው። በመኪና የሚያልፍ ሰው «እንዴት ያለ ለምለም አገር ነው» እያለ ያልፋል። የታየው ሁሉ ገና አልደረሰም፣ የደረሰው ሁሉ ደግሞ አልቋል። ያን ክፍተት የሚሞላው ስኳር ድንች ነው፤ እሱ ካልያዘ በሚያዝያና በግንቦት የሚላስ የሚቀመስ ይጠፋል። ጥር ሌላ ነው። በጥር እህቴ ሶዶ ስትመጣ እጇን አንጠልጥላ መጥታ አታውቅም፤ ቢያንስ አንድ ፌስታል በቆሎ ትይዛለች።

በዚያ ዓመት ስኳር ድንቹ አልያዘም። በዴሳ ከተማ መጋዘን ውስጥ ግን ለክፉ ቀን ተብሎ የተቀመጠ በቆሎ ነበር። እህቴ ለመቀበል ከተመዘገቡት አንዷ ነበረች። ስትደውልልኝ የምታወራው ስለዚያ መጋዘን ብቻ ነበር፤ ሲከፈት የመጀመሪያው ሰልፍ ላይ እንድትገኝ ከጎረቤቷ ጋር እንዴት እንደተነጋገሩ ሳይቀር ትነግረኛለች።

መጋቢት ላይ የሶፍትዌር ሥልጠና መጣልን። አሠልጣኙ ከሐዋሳ የመጣ ወጣት ነበር፤ ጎበዝ ነው፣ ግን አነጋገሩም አነካኩም ጥድፊያ ያለበት። መጽሐፍ ላይ ያለ ምሳሌ አያስተምርም ብሎ የራሳችንን ፋይል ከኮምፒውተሬ ወሰደ። ያለፈውን ዓመት የሦስቱን ወረዳዎች ቁጥር መረጠ። የሕዝባቸው ብዛት ስለሚለያይ እያንዳንዱን በራሱ አማካይ አካፍሎ አንድ ሚዛን ላይ አስቀመጣቸው። እዚህ ድረስ ልቤ ወደደው፤ እኔ ለወራት ስታገለው የነበረውን እሱ ሻይ ሳይቀርብ ጨረሰው። ከዚያ ሦስቱንም መስመር በፕሮጀክተር ግድግዳው ላይ አወጣቸው።

አዳራሹ «ኦ» አለ። በእውነት ያምር ነበር። ሦስት ኮረብታ፣ አንዱ ከአንዱ ኋላ። በዴሳ፣ ሰማያዊዋ፣ በአምስተኛው ወር ላይ ወጥታ ትወርዳለች። ሻንቶ በዘጠነኛው ትወጣለች። ቦዲቲ ሁለቱ ከወረዱ በኋላ በአሥራ አንደኛው። አንዱ መስመር ሌላውን አይጋርደውም፣ ሁሉም ተራ ጠብቆ ነው የሚሄደው። ከኋላ ወንበር ሆነው የሚያንቀላፉት ሳይቀሩ ነቅተው አዩት።

እጄን አወጣሁ። «አምስት ጥር አይደል? በዴሳ በጥር አይራብም» አልኩ።

አሠልጣኙ ፈገግ አለ። «እህቴ፣ እኛ የምናነበው ዳታው የሚለውን ነው። የምናውቀውን ብቻ ካነበብንማ ሶፍትዌር ለምን ያስፈልገናል?»

ሰው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ አነጋገሩ ያስቅ ነበር።

ኃላፊያችን ለመዝጊያው መጣ። ቀድሞ አስተማሪ የነበረ ሰው ነው፤ ክፉ አልነበረም። ሰው ሲሞት ለቅሶ የሚደርስ፣ የታመመ ሠራተኛ ቤት ድረስ ሄዶ የሚጸልይ ሰው ነበር። ያን ሰሞን ከክልል «ሁልጊዜ እጃችሁን ትዘረጋላችሁ» እየተባለ ስለሚወቀስ ፊቱ ከስቶ ነበር። ግራፉን ቆሞ አየው። ጣቱን ከሰማያዊው ወደ ቀጣዩ፣ ከቀጣዩ ወደ መጨረሻው ሲያሳልፍ ፊቱ ሲፈታ አየሁ።

«አያችሁ?» አለ። «አንዱ ሲራብ ሌላው ጠግቧል። እኛ ግን ከውጭ ነው የምንጠብቀው። ያለንን እርስ በርስ ብናዘዋውረው ይበቃናል ማለት ነው።»

ተጨበጨበ። በሳምንቱ «የመደጋገፍ ዕቅድ» የሚል ሰነድ ወጣ። የሰነዱ ሽፋን ግራፉ ነበር፤ የቢሯችን ግድግዳ ላይም ተለጠፈ። የበዴሳ ተራ ጥር ላይ ስለሆነና ጥርም ስላለፈ በመጋዘኗ ያለው በቆሎ ሚያዝያ ላይ ወደ ሻንቶ ይሄዳል፤ ሻንቶ ሲያገግም ወደ ቦዲቲ፤ በዴሳም በተራዋ በሚመጣው ጥር ትቀበላለች። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይሄ ነው።

ወደ ሦስቱ ወረዳ ደወልኩ። መጀመሪያ የበዴሳው ባለሙያ ነበር።

«የላክህልኝ አምስት ምን ወር ነው?» አልኩት።

«አምስት ነዋ።»

«እሱማ አምስት ነው። የቱ ወር?»

«ሜይ። ግንቦት በይው። ቅጹን ያሳተመው የዕርዳታ ድርጅቱ አይደል? በፈረንጅ ነው ያለው። ጃንዋሪ አንድ፣ ፌብሯሪ ሁለት፣ እንደዛ እያልን ነው የምንሞላው። ምነው፣ ተሳሳተች እንዴ ቁጥሯ?»

አልተሳሳተችም አልኩት። የቦዲቲው በዕድሜ የገፋ ሰው ነው፣ ከፋይናንስ ተዛውሮ የመጣ። «አንድ የሚሉት የቱን ወር ነው ጋሼ?» ብዬ ስጠይቀው የቀለድኩበት መስሎት ነበር።

«ሐምሌ ነዋ የኔ እህት። መንግሥት ዓመቱን ከሐምሌ አይደል የሚጀምረው? በጀት ከሐምሌ፣ ዕቅድ ከሐምሌ፣ ሪፖርት ከሐምሌ። ታዲያ ረሃብ ለብቻው ከየት ይጀምርልሽ?»

የሻንቶዋ ወጣት ልጅ ናት፣ ከኮሌጅ የወጣች ሰሞን። «መስከረም ነው አንድ» አለችኝ። «ሌላ አለ እንዴ?»

ስልኩን ዘግቼ በጣቴ ቆጠርኩ። ከሐምሌ ተነስቶ አሥራ አንደኛው ግንቦት ነው። ከመስከረም ተነስቶ ዘጠነኛው ግንቦት ነው። የፈረንጁም አምስት ከጥቂት ቀናት ፈቀቅታ በቀር ግንቦት ነው። ሦስቱም ሰዎች ልክ ናቸው፤ የዋሸ የለም፣ የሰነፈ የለም። ግንቦትን ሦስት ጊዜ ጽፈውት ነው፣ ሦስት ወር ሆኖ የወጣው። እኛ አገር አንድ ሰው ጠዋት በመስከረም ልጁን ይመዘግባል፣ ከሰዓት በሐምሌ በጀት ይዘጋል፣ ማታ ለዕርዳታ ድርጅቱ በጃንዋሪ ሪፖርት ያደርጋል፤ ሲጠየቅም የቱንም አይስትም። ሶፍትዌሩ ግን ከየት አባቱ ያውቃል?

ቁጥሮቹን አስተካክዬ እንደገና አወጣሁት። ሦስቱ ኮረብታዎች አንድ ላይ ወደቁ። ሶፍትዌሩ በመጨረሻ የሳለውን ቀለም ከላይ ስለሚያደርግ የሻንቶ መስመር ሌሎቹን ሸፈናቸው፤ ሰማያዊው እዚህም እዚያም ብቅ ብሎ ይጠፋል። አስቀያሚ ግራፍ ነበር። ላላወቀ ሰው አንድ ወረዳ ይመስላል። ለአንድ አፍታ ደስ አለኝ፤ ስህተት ማግኘት ደስ ይላል። ወዲያው ግን ምን እንዳገኘሁ ገባኝ። ሦስቱም በአንድ ወር ነው የሚራቡት፤ እህሉ ከበዴሳ የሚወጣው ደግሞ በዚያው ሰሞን ነው።

አትሜ ወደ ኃላፊው ገባሁ። የወሩን ጉዳይ አንድ በአንድ ነገርኩት። አስተማሪ ስለነበር ቶሎ ገባው። ወረቀቱን አጥፎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«የመጀመሪያው ለክልል ቀርቧል» አለ። «ተሞክሮ ብለው ለሌሎች ዞኖች ሊያሳዩት ነው። አሁን ሄጄ ወር ተምታቶብን ነበር ልበል?»

«መጋዘኑ ሳይከፈት ቢባል ይሻላል» አልኩ።

«እሺ ብዬ ተናገርኩ እንበል። ሦስቱም አንድ ላይ ከተራቡ ከየት አመጣለሁ? በመጀመሪያው ግራፍ ቢያንስ የሚሰጥ ሰው ነበረኝ። በዚህ በአንቺው ሦስት ተቀባይ ብቻ ነው ያለኝ።»

የተናደድኩበት ይህን እንደ እኔ ስህተት አድርጎ መናገሩ ነው፤ ግራፉን ሳላስተካክለው በፊት የጠገበ ወረዳ የነበረ ይመስል። ግንቦትን እኔ አላመጣሁትም።

መስመሮቹ ስለተደራረቡ ይሆናል ያልገባው ብዬ ለየብቻ አወጣኋቸው፤ ሦስት ትንንሽ ግራፍ ጎን ለጎን፣ የግንቦት ቦታ በሦስቱም ላይ ትክክል የሚገጣጠም። «አሁን ደግሞ ሦስት አደረግሽው» አለኝ። የቢሯችን ማተሚያ ጥቁርና ነጭ ብቻ ስለሆነ አንዱን በነጠብጣብ፣ አንዱን በሰረዝ ሠራሁት። አንድ ባልደረባዬ አይቶ «የወንፊት ቀዳዳ አስመሰልሽው» አለኝ። ሰው የመጀመሪያውን ግራፍ ያመነው እውነት ስለመሰለው ብቻ አልነበረም፤ ስላማረም ነው። እኔ የምሰጣቸው ሁሉ አያምርም ነበር።

ኃላፊው በመጨረሻ «ግምገማ ላይ አቅርቢው፣ ሰው ይወስን» አለኝ። ያኔ ግምገማ ምን እንደነበር የሠራበት ያውቀዋል። ዓርብ ከሰዓት፣ በሩ ተዘግቶ፣ ክብ ተሠርቶ ይቀመጣል፤ ሰው ስለ ሥራ ይጀምራል፣ ስለ ሰው ይጨርሳል። ተነስቼ ሦስቱን የዓመት መጀመሪያ ሰሌዳው ላይ ጻፍኩ። ሐምሌ፣ መስከረም፣ ጃንዋሪ። ጥቂት ራሶች ሲነቀነቁ አየሁ። ያኔ አመለካከታችንን የሚከታተለው ባልደረባ እጁን አወጣ።

«እህታችን የየት ልጅ እንደሆነች ሁላችንም እናውቃለን» አለ በዝግታ። «ታላቅ እህቷ በዴሳ ናት፣ ከመጋዘኑ ተጠቃሚ ናት። እህሉ ከዚያ እንዳይወጣ ስለፈለገች ሦስቱን መስመር አጣብቃ መጣች። እኔ ይሄን የማየው እንደ ቴክኒክ ችግር አይደለም፤ የጠባብነት አመለካከት ነው።»

ሲነቀነቁ የነበሩት ራሶች ቆሙ። እህቴ ተጠቃሚ መሆኗ እውነት ነው፤ ማንም ሊክደው አይችልም፤ እኔም አልካድኩም። ግን እህቴ በዴሳ ባትሆን ኖሮ ያ አምስት ቁጥር መቼ ይቆረቁረኝ ነበር? ይህን ለመናገር ስጀምር ሰዓት አልቋል ተባለ። ግለ ሒስ አድርጊ አሉኝ። «ወር ነው ያስተካከልኩት» ብዬ ተቀመጥኩ። ከኋላዬ የተቀመጠች ጸሐፊያችን ትከሻዬን ነካ አድርጋ «ተይው፣ ዝም አይነቅዝም» አለችኝ። ሰው እንዲህ ሲለኝ ሊያጽናናኝ እንደሆነ አውቃለሁ።

እህሉ ሲጫን በዴሳ ነበርኩ። የመስክ ሥራ ብዬ ነው የሄድኩት፤ እውነቱን ለመናገር የሄድኩት ለእህቴ ነው፤ ደሞዜ ላይ ተበድሬ የገዛሁትን በቆሎ በሚኒባስ አስጭኜ። ዕለቱ የገበያ ቀን ነበር። ዝናብ ሌሊቱን ዘንቦ መሬቱ ጭቃ ነው፣ የጭነት መኪናው ጎማ ይዞርና ይንሸራተታል። ሴቶቹ ከመጋዘኑ ፊት ለፊት ካለው የሱቅ በረንዳ ላይ ተቀምጠዋል። ማንም አልጮኸም። ባዶ ጆንያቸውን አጣጥፈው ከሥራቸው አድርገው ተቀምጠውበታል።

እህቴ ስታየኝ ተነስታ ሳመችኝ። የመጨረሻዋ ልጇ ጀርባዋ ላይ ነበረች፤ እግሮቿ ቀጥነው አየኋቸውና ዓይኔን መለስኩ። በወላይትኛ ነው የተነጋገርነው።

«አንቺ ቢሮ ነው ያለሽው» አለችኝ። «ምን አግኝተውብን ነው? ሰው ሁሉ አንዱ ሰርቆ ነው ይላል። ሰርቀናል እንዴ?»

«የሰረቀ የለም።»

«ታዲያ?»

እንዴት እንደምነግራት ግራ ገባኝ። ስለ ሶፍትዌሩ፣ ስለ ቁጥሩ፣ ስለ ሐምሌና ስለ ጃንዋሪ ጀመርኩ፤ መሃል ላይ ተውኩት። «ወረቀቱ ላይ እናንተ የምትራቡት በጥር ነው» አልኳት።

አልሳቀችም። የቀለድኩ መስሏት ፊቴን አየችኝ፤ እንዳልቀለድኩ ስታውቅ ልጅቷን ጀርባዋ ላይ ከፍ አድርጋ አስተካከለቻት።

«በጥር ብንራብማ ምን ነበረበት» አለች። «በጥር እህል አለን።»

መኪናው ከጭቃው ወጥቶ ሄደ። ሴቶቹ ጆንያቸውን አንስተው ተበተኑ። እኔ ያመጣሁላትን በቆሎ እህቴ በዚያው ቀን አብራት ከነበረች ጎረቤቷና ከባሏ እናት ጋር ተካፈለችው፤ አጠገቧ የሚራብ ሰው እያለ ብቻዋን አትበላም፤ እኔም እንዲህ እንደምታደርግ እያወቅሁ ነው የወሰድኩት። ሻንቶ የደረሰውም እህል ሻንቶን አላጠገበም። የሻንቶዋ ልጅ ደውላ «ተቀብለናል» ካለችኝ በኋላ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ከነሱ ተወስዶ ነው አይደል?» አለችኝ። የቦዲቲው ሰውዬ ደግሞ ሐምሌን እየጠበቀ ነበር፤ ሐምሌ ሲመጣ በቆሎው እሸት ሊሆን ምንም አይቀረውም።

በግንቦት መጨረሻ እህቴ በጎረቤቷ ስልክ ደወለችልኝ። ልጅቷ አብጣባት ወደ በዴሳ ጤና ጣቢያ ወስዳታለች፤ እዚያው አስተኝተዋታል። ሄድኩ። ነርሷ በትንሽ ኩባያ ወተት እየለካች ትሰጣታለች፤ ልጅቷ የምትጠጣው የሰው ፊት ሳታይ ነው። እህቴ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ትጸልያለች። በሳምንቱ ከበዴሳ የወሩ ቁጥር መጣልኝና አስገባሁት። ስንት እንደነበር አልጽፍም። ከዚያ ቁጥር ላይ አንድ ብቀንስ ምን እንደሚሆን አስቤ አውቃለሁ፤ ያው ልጅቷ ቁጥሩ ውስጥ አትኖርም ነበር።

ልጅቷ ዳነች። ጌታ ይመስገን፣ ዛሬ ትምህርት ቤት ናት፣ ከእኩዮቿ ግን አጠር ትላለች።

ከዚያ በኋላ ሁሉም ወረዳ ወርን ከመስከረም ጀምሮ እንዲቆጥር የሚል ደብዳቤ ወጣ። ለምን እንደሆነ ደብዳቤው ላይ አልተጻፈም። ስለ መደጋገፍ ዕቅዱም ማንም ሲያነሳው አልሰማሁም፤ ከግድግዳ ላይ አንድ ቀን ተነስቶ በቦታው የጽዳት ዘመቻ ፎቶ ተለጠፈበት። አልሸሹም፣ ዞር አሉ። በግምገማ ላይ የከሰሰኝ ባልደረባ ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት አድጎ ሄደ። እኔ ኮምፒውተሬ ጋ ቀረሁ።

በሐምሌ ኃላፊው የዓመቱን ማጠቃለያ ሪፖርት ሊያዘጋጅ ጠራኝ። «ሦስቱን ወረዳ በአንድ ግራፍ፣ የዘንድሮውን» አለኝ። ወሮቹን አስተካክዬ ኮምፒውተሩ ላይ አወጣሁትና አትሜ ሰጠሁት፤ እሱም እንደተስተካከሉ ያውቃል። ሦስቱም መስመር በግንቦት ላይ አብረው ይወጣሉ። ካለፈው ዓመት የሚለየው ኮምፒውተሩ ላይ ሰማያዊ የሆነው የበዴሳ መስመር ነው። በዚህኛው ዓመት ሌሎቹ አልሸፈኑትም፤ ከሁለቱም በላይ ወጥቶ ጫፉ ብቻውን ይታያል።

ኃላፊው መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን አሸ። እሱም ደክሞት ነበር፤ ይህን ልክደው አልችልም።

«ይሄ ጫፍ በጣም ጎልቶ ይታያል» አለኝ። «ክልል ሲያዩት ዓይናቸው መጀመሪያ እዚህ ላይ ነው የሚያርፈው። ሚዛኑን ሰፋ አድርገሽ ትንሽ ዝቅ ማድረግ አይቻልም?»

ይቻላል። ሶፍትዌሩ ውስጥ የጎኑን ቁጥር ከፍ አድርጎ መጻፍ ነው፤ ኮረብታው ሁሉ ሜዳ ይሆናል። ከዚያ በፊትም የሠሩት አሉ።

«ጋሼ፣ እዚህ ጫፍ ላይ የእህቴ ልጅ አለች» አልኩት።

ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠግቶ ብዙ አየው፤ ማተሚያችን ቀለም ስለማያወጣ ሦስቱም መስመር ጥቁር ነበሩ።

«ይሄ ጫፍ የትኛው ወረዳ ነው?» አለኝ።